ቀይ የተቀባች የጎማ እንቁላል

በ1980 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንገር ጉቲን ቆላ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት እርሻ ታይፒስት ነበርኩ። ስሜ ቀለሟ ነው፤ የነቀምቴ ልጅ ነኝ። እርሻው «ቀይ ጎሕ» ይባል ነበር። ከስሙ ሌላ ቀይ የነበረው የምንረግጠው አፈር ብቻ ነው፤ እሱንም ያቀላው አብዮቱ አይደለም።

ለዚህ እርሻ አንድ ወዳጅ አገር ትንሽ አውሮፕላን በስጦታ ሰጥቶ ነበር። አውሮፕላን ሲባል ዓይናችሁ ላይ የሚመጣውን እርሱት። ቀጫጭን የአሉሚኒየም ዘንግ፣ በላዩ የተወጠረ ሸራ፣ ፊትና ኋላ ሁለት ወንበር፣ ከወፍጮ ሞተር ያነሰች ሞተር፤ በቃ። በር የላት፣ መስኮት የላት። ሠራተኛው «ጃንጥላዋ» አላት፣ ስሙም ጸናባት። ሥራዋ ግሪሳ ወፍ የት እንደሚያድር ከላይ ማየትና ተምች ሲነሳ መድኃኒት መርጨት ነበር። የሚያበሯት ሻምበል መርጋ ናቸው፤ ከአየር ኃይል በጡረታ የወጡ፣ ትንሽ የሚያነክሱ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው። የሚጠግኗት ደግሞ ኦቦ ባይሳ።

ኦቦ ባይሳን ከነቀምቴ ጀምሮ ነው የማውቃቸው። የሰፈራችንን ወፍጮ፣ የመምህራኑን ሞተር ብስክሌት፣ የሰርገኛውን ጄኔሬተር ሁሉ የሚያስነሱ እሳቸው ነበሩ። አውሮፕላን በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ግን ሻምበል መጽሐፏን እያነበቡላቸው፣ እሳቸው እየፈቱና እየገጠሙ፣ በሁለት ወር ውስጥ የእያንዳንዷን ብሎን ጠባይ አወቁ።

ከሁሉ አብልጠው የሚጠነቀቁላት ለአንዲት ትንሽ ጎማ ነበር። ከታንኩ ወደ ሞተሩ በሚሄደው የቤንዚን ቱቦ መሐል የተገጠመች፣ ሐኪም የደም ግፊት ሲለካ የሚጨምቃትን የምትመስል ናት። «እንቁላሏ» ይሏታል። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት እሷን በእጅ እየጨመቁ ቤንዚኑን እስከ ካርቡሬተሩ ይገፉታል። ስትሞላ ትጠጥራለች፤ ያኔ ሞተሩ ይነሳል። ግራና ቀኟ ቤንዚኑ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉ ሁለት ትናንሽ ቫልቮች አሉ፤ ጎኗ ላይ ደግሞ ቤንዚኑ የሚሄድበትን የሚያሳይ ቀስት አለ።

ኦቦ ባይሳ ጠዋት ጠዋት እንቁላሏን በንጹሕ ጨርቅ ይጠርጋሉ፤ ቆዳዋ ተሰንጥቆ እንደሆነ በአውራ ጣት እየለጠጡ ያያሉ፤ ከዚያ ጣታቸውን ያሸታሉ፤ ቤንዚን ከሸተተ ያልባታል ማለት ነው። ቱቦውን የሚያጠብቁትን ፋሸታዎች ይነካካሉ። በመጨረሻ እስክትጠጥር ጨምቀው ሰዓታቸውን ያያሉ። ሦስት ደቂቃ ቆይታ ከላላች፣ ያን ቀን ጃንጥላዋ አትነሳም።

አንድ ቀን «ለዚህች ለአንዲት ጎማ ይህ ሁሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ኢንተለ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይህች ከተሰነጠቀች ሞተሩ ቤንዚን መጠጣቱን ትቶ አየር ይጠጣል። አየር ጠጥቶ የሚሮጥ ሞተር እስካሁን አላየሁም። መኪና ቢሆን መንገድ ዳር ይቆማል። ይህቺ የት ትቁም?»

በ1979 ነሐሴ ላይ፣ በጋውን ሙሉ ከመታት የቆላ ሙቀት ብዛት፣ እንቁላሏ መድረቅ ጀመረች። ኦቦ ባይሳ መለዋወጫ እንዲገዛ አመለከቱ፤ ደብዳቤውን የመታሁት እኔ ነኝ። «አንድ የጎማ እንቁላል በአስቸኳይ» ይላል። ከስድስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። «የእንቁላል አቅርቦት የዶሮ እርባታ ክፍልን የሚመለከት በመሆኑ ጥያቄያችሁን በዚያው በኩል እንድታቀርቡ» ይላል፤ ማኅተም አለው፣ ሦስት ግልባጭ አለው።

የእርሻው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ገብረወልድ ደብዳቤውን ይዞ ቢሮዬ ገባ። ጓድ ገብረወልድ ከሸዋ የመጣ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ በካኪ ኮቱ ኪስ ሦስት እስክሪብቶ ሰክቶ በአንዱም የማይጽፍ ሰው ነበር። ውጭ አገር ስድስት ወር ተምሮ ተመልሷል። እርሻው የደረሰ ዕለት የሠራተኞቹን የጸሎት ቤት ዘግቶ የመፈክር ጨርቅ ማስቀመጫ አደረገው፤ ለዚህም ምስጋና ተጽፎለታል። የምስጋናውንም ደብዳቤ የመታሁት እኔ ነኝ።

«በበላይ አካል ላይ ታሾፋላችሁ?» አለኝ።

«ኦቦ ባይሳ የሚጠሩበት ስም እሱ ነው ጓድ። ሌላ ስም አላወቅንለትም።»

«ባይሳ አሮጌ አስተሳሰብ የተጠናወተው ሰው ነው። እንቁላል! አውሮፕላን በእንቁላል ይበርራል?»

ከበላይ የሚመጣ ነገር እንደሌለ ሲያውቁት ኦቦ ባይሳ በእህል መኪና ተሳፍረው ነቀምቴ ወጡ፣ ወደ ረዲ ሱቅ። ረዲ የጉራጌ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ከመርፌ እስከ ትራክተር ሰንሰለት የማይገኝ የለም፤ ችግሩ ዕቃው የት እንዳለ ረዲ ራሱ አለማወቁ ነው። በኋላ ራሳቸው እንዳጫወቱኝ፣ ረዲ መጀመሪያ ያወጣላቸው የደም ግፊት መለኪያውን ጎማ ነበር።

«ኦቦ ባይሳ፣ ይኸውልዎት፣ ቁርጥ እሷን!»

«መልኳ ቁርጥ ነው፤ ሆዷን እንይ» አሉና ከጫፏ ቆንጥረው ቆርጠው ብርጭቆ ቤንዚን ውስጥ ነከሩት። ምሳ በልተው ሲመለሱ ቁራጩ አብጦ እንደ ተነከረ ዳቦ ሆኗል።

«ይኸው ረዲ፤ ይቺ ለሐኪም እንጂ ለቤንዚን አልተሠራችም። አውሮፕላን ላይ ብገጥማት በሳምንቷ ሟሙታ ካርቡሬተሩን ትደፍነው ነበር።»

ረዲ መሰላል አቁሞ እስከ ጣሪያው ፈተሸ። አመሻሹ ላይ ከአንድ አሮጌ ካርቶን ውስጥ ሌላ አወጣ፤ ደዴሳ ላይ የሞተር ጀልባ ይነዳ የነበረ ሰው ትቶት የሄደው ነው። ጥቁር፣ ልስልስ፣ ቀስቷ ያልጠፋ። ከእሷም ቆንጥረው ነከሩ። ጠዋት ቁራጩ እንደነበረ ነበር። ኦቦ ባይሳ በምላሹ የረዲን ወፍጮ አስነሱለትና እንቁላሏን በመሐረብ ጠቅልለው ተመለሱ።

ገጠሟት። ሦስት ደቂቃ አይደለም፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ እንደጠጠረች ቆየች። ሻምበል መርጋ እጃቸውን ጨበጧቸው። ሻምበል የሰው እጅ ሲጨብጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ይህ በሆነ በአሥራ አንደኛው ቀን ከአዲስ አበባ ልዑካን ሊጎበኙን እንደሚመጡ ተነገረ። ጓድ ገብረወልድ መመሪያ አስመታኝ። ቃሉ እንዲህ ነው፦ «በእርሻው ክልል የሚገኝና ለዓይን የሚታይ ማንኛውም ንብረት ያለ አንዳች ልዩነት በቀይ ቀለም እንዲቀባ።» ካርቦኑ ሳይነሳ በእኔ እስክሪብቶ ፈረመበት። ዋናውን ወሰደ፣ የካርቦን ግልባጩ እኔ ፋይል ውስጥ ቀረ።

ቀቢ ሆና የተመደበችው ሸዋርጋ የምትባል የወሎ ሰፋሪ ናት። ከድርቁ የተረፈች፣ የታዘዘችውን አጓድላ የማታውቅ ሴት። ትራክተሩን ቀባች፤ የውኃ በርሜሉን ቀባች፤ የቢሮውን ደጃፍ ድንጋይ አንድ በአንድ ቀባች፤ የወተት ላሟን ቀንድ ቀባች። ቀጥላ ወደ ጃንጥላዋ ሄደች። ኦቦ ባይሳ ያን ጊዜ ለቀብር ከነቀምቴ ወዲያ ወዳለችው ዲጋ ሄደው ነበር። ሸዋርጋ ማቅጠኛው አኳራጅ የበዛበትን ቀለም ይዛ የአሉሚኒየሙን ዘንግ፣ ወንበሮቹን፣ የቤንዚን ቱቦውን ቀባች። እንቁላሏንም ቀባች፤ ሁለት ጊዜ፣ ደህና እንድታበራ።

ልዑካኑ በሚመጡበት ቀን ጠዋት ኦቦ ባይሳ ከዲጋ ደረሱ። የሐዘን ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወደ ጃንጥላዋ ሄዱ። እኔ የአበባ ጉንጉን ይዤ እዚያው ቆሜያለሁ።

«ያ ዋቅ!» አሉ፤ አምላኬ ማለታቸው ነው። እንቁላሏን ያዙ፣ ጨመቁ። ቀለሙ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጠቀ፤ ሥሩ ያለው ጎማም አብሮ ደርቋል። ጣታቸውን አሸተቱ። ከዚያ ሸዋርጋን አዩዋት።

«እኔማ የሚታየውን ሁሉ ቅቢ ተባልሁ፣ ቀባሁ» አለች።

«አንቺ ምን ታደርጊ፣ እናቴ» አሏት።

ጓድ ገብረወልድ የድምፅ ማጉያ ተሸክሞ፣ በራሪ ወረቀት ታቅፎ መጣ። ለካስ ከሻምበል ኋላ ተቀምጦ ሊበርር፣ ከሰማይ ሆኖ መፈክር ሊያሰማ ወስኗል።

«ጓድ፣ ዛሬ አትነሳም» አሉት ኦቦ ባይሳ።

«ለምን?»

«ቀለሙና አኳራጁ ጎማውን በልቶታል። ቤንዚን አይስብም፤ ቢስብም አየር ያስገባል። ያስቀመጥኳትን አሮጌዋን ሞክሬ እስክመልስ ሁለት ሰዓት ስጡኝ።»

«እንግዶቹ ነቀምቴን አልፈዋል! ቀለም ነው ጎማ የበላው? ቀለም ጥርስ አለው? የቀይ ቀለም ጠላት መሆንህን ዛሬ በአፍህ ተናገርክ።»

«እኔ የቀለም ጠላት አይደለሁም። ለመነሳት ደህና ናት ብዬ በየዕለቱ የምፈርምበት መዝገብ አለ፤ ዛሬ አልፈርምም።»

ጓድ ገብረወልድ መዝገቡን ነጠቃቸውና ራሱ ፈረመ። ከሦስቱ እስክሪብቶዎች አንዱ ሲጽፍ ያየነው ያኔ ነው።

ሻምበል ኦቦ ባይሳን ወደ ጎን ወሰዷቸው። እኔ ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁ።

«ምን ይመስልሃል?»

«አይነሱ ሻምበል። እለምንዎታለሁ።»

«እምቢ ብል ነገ የምጠየቀው ስለ ጎማ አይደለም» አሉ ሻምበል። ትንሽ አሰቡና «በማሽላው ላይ ብቻ እዞራለሁ፣ ዝቅ ብዬ። ወደ ጫካውና ወደ ወንዙ አልሄድም። ብትጠፋብኝ ማሽላው ላይ አወርዳታለሁ» አሉ።

ልዑካኑ መጡ፤ ዘጠኝ ሰዎች፣ ሦስት ላንድሮቨር። መሪያቸው ወፈር ያለ፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነው። ሰፋሪው ተሰልፎ እንዲያጨበጭብ ልምምድ አድርጓል፤ አውሮፕላኗ ስትነሳ አንዴ፣ ስትወርድ ደግሞ እስኪበቃ ድረስ።

ሻምበል እንቁላሏን ብዙ ጊዜ ጨመቁ። ቀይ ቅርፊት እየረገፈ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። ሞተሯ ሁለት ጊዜ አስነጠሰች፣ በሦስተኛው ተነሳች። ተንደረደረች፣ ተነሳች፤ ተጨበጨበ። ጓድ ገብረወልድ የድምፅ ማጉያውን አፉ ላይ ደቀነ። ሞተሩ እየጮኸ ስለሆነ የምንሰማው ቁርጥራጩን ነው፤ «...ተፈጥሮን... በቁጥጥር... ሥር...» ይላል።

ማሽላው መሐል ስትደርስ ሞተሯ ተንተባተበች። አንዴ ጮኸች፣ ዝም አለች፣ ደግማ ጮኸች፤ ከዚያ ጸጥ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የድምፅ ማጉያው አልጠፋም ነበር። መላው እርሻ፣ ሰፋሪው፣ ልዑካኑ፣ ቀንደ ቀይዋ ላም ሳትቀር፣ ጥርት አድርጎ ሰማ፦

«እመቤቴ ማርያም! እመቤቴ ማርያም ድረሽልኝ! እማዬ!»

ሻምበል አፍንጫዋን ዝቅ አድርገው እንደ ሸራ አንሳፍፈው አወረዷት። ማሽላው ለሁለት ተከፈለ፣ የፊት ጎማዋ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ፣ ጃንጥላዋ ጭራዋን አንሥታ ቆመች። ሰፋሪው ስትወርድ አጨብጭቡ ተብሏልና አጨበጨበ። እስኪበቃ ተብሎ ነበር፤ የሚያስቆመው ሰው ማሽላ ውስጥ ስለሆነ ብዙ ቆየ።

ሮጠን ስንደርስ ሻምበል የቀኝ ትከሻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ አጥንታቸው ተሰብሯል። ጓድ ገብረወልድ አፍንጫው ይደማል፣ አንድ ጫማው የለም። በራሪ ወረቀቱ በየማሽላው ራስ ላይ ተሰክቷል። ኦቦ ባይሳ በመጀመሪያ የሻምበልን ትከሻ በነጠላቸው አሰሩ፤ ቀጥለው የቤንዚኑን መዝጊያ ዘጉ፤ ከዚያ እንቁላሏን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ።

ከምሳ በፊት ግምገማ ተደረገ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ሻምበል ወደ ነቀምቴ ሐኪም ቤት ተወስደዋል። ጓድ ገብረወልድ አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ሰክቶ ተነሳ።

«ጓዶች! ይህ ግልጽ አሻጥር ነው። ማስረጃው ራሱ ጎማው ላይ አለ። ቀስቱን ተመልከቱ! ወደ የት ነው የሚያመለክተው? ወደ ቀኝ! ይህ ሰው የአብዮታችንን ነዳጅ ወደ ቀኝ እንዲፈስ አድርጓል!»

ኦቦ ባይሳ እንቁላሏን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ነበር። ዝግ ብለው «ጓድ፣ በእኔ በኩል መጥተው ቢያዩት ወደ ግራ ነው» አሉ።

ከልዑካኑ አንዱ ሳቁን በሳል ደበቀ። መሪው እንቁላሏን አንሥቶ ጨመቃት። መዳፉ ላይ ቀይ ቅርፊት ቀረ። ከስንጥቁ የቀረች ጠብታ ቤንዚን ወጥታ እጅጌውን አበላሸችው።

«ይህን ማን ቅቡ አለ?»

«ማንም አላዘዘም» አለ ጓድ ገብረወልድ። «የሰርጎ ገቦች ሥራ ነው።» እጁንም በር ላይ ወደቆመችው ሸዋርጋ ዘረጋ። «የቀባችው እሷ ናት። ከማን ጋር እንደምትገናኝ ይጣራ።»

ሸዋርጋ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። እጇ እስከ ክርኗ ቀይ ነው። መመሪያውን ማንበብ አትችልም፣ አንብቦ የነገራት ሰው ደግሞ አሁን እየከሰሳት ነው።

ፈርቼ ነበር። አልዋሽም። በዚያ ዓመት እኔ ከመታኋቸው ደብዳቤዎች ውስጥ ሰው ያሳሰሩ ነበሩ፤ እየመታሁ ዝም ብያለሁ። ፋይሉ ጭኔ ላይ ነው። የሸዋርጋን እጅ አየሁና ተነሳሁ።

«ግልባጩ እዚህ አለ» አልኩ።

መሪው የካርቦን ግልባጩን ተቀብሎ አነበበው። «ያለ አንዳች ልዩነት» የሚለው ላይ ሲደርስ ቅንድቡ ተነሳ።

«ፊርማው የማን ነው?»

ጓድ ገብረወልድ ወረቀቱን ቀረብ ብሎ አየው። «የእኔን ይመስላል» አለ።

መሪው አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። «ያየነውን አይተናል» አለና ምሳ ጠየቀ።

ፍትሕ የተሰጠው በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ጓድ ገብረወልድ ያሳየው ቆራጥነት ከዕውቀት ጋር እንዲዋሐድ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ተላከ፤ ለሁለት ዓመት። ኦቦ ባይሳ ቀለም መቀባቱን አስቀድመው ባለመከላከላቸው ለምርመራ ታሰሩ። ሸዋርጋን ለመክሰስ የሚሆን ቅጽ ስላልተገኘ ተተወች። እኔ ከታይፕ ተነሥቼ ማሽላ መሐል እንጨት ማማ ላይ ወጥቼ ግሪሳ እንዳባርር ተመደብኩ፤ አውሮፕላን የለማ። ከሒሳብ ክፍል ሁለት፣ ከሰው ኃይል አንዲት፣ አብረን ከጠዋት እስከ ማታ ጮህን። ወፎቹ በልተው ጠግበው ሄዱ። ዘገባው አውሮፕላኗ «በአርሶ አደሩ መካከል በማረፍ የቅርብ ትውውቅ ፈጠረች» ይላል። እሱን እንኳ ሌላ ሰው ነው የመታው፤ ደስ ብሎኛል።

ኦቦ ባይሳ ሃያ አራት ቀን ታስረው የእስር ቤቱ ጄኔሬተር ቆመ። አስነሱት። እንደገና ቆመ፣ እንደገና አስነሱት። አዛዡ እንዲህ ያለ ሰው በነጻ እንዲሠራለት እስከመቼም ሊያቆያቸው ይፈልግ ነበር አሉ፤ ግን የምርመራው ወረቀት ስለጠፋ ምግባቸውን የሚያጸድቅ ሰው አልተገኘም። ለቀቋቸው። ዲጋ ወርደው ከሚስታቸው ከአዴ ድርቤ ጋር አንድ ወፍጮ ቤት ተጠግተው መሥራት ጀመሩ።

በኅዳር መጨረሻ ፈቃድ ወስጄ ነቀምቴ ስሄድ አልፌ ዲጋ ወረድኩ። አዴ ድርቤ የበቆሎ ንፍሮ አቀረቡልኝ። ኦቦ ባይሳ ከስተዋል፤ ጠጉራቸው ነጥቷል። አካም ጅርታ ተባባልን። ስለ ሻምበል ጠየቁኝ፤ አጥንታቸው ገጥሞ አዲስ አበባ መሄዳቸውን ነገርኳቸው። ስለ ጓድ ገብረወልድ አልጠየቁም።

«ሞተሯስ?» አሉ።

«መጋዘን ውስጥ ናት። ማንም አልነካት።»

«ቤንዚኑን ከካርቡሬተሩ አወጡት?»

«እኔ እንጃ ኦቦ ባይሳ። አይመስለኝም።»

እጃቸውን በጨርቅ ደጋግመው ጠረጉ። «ዘይት የተቀላቀለ ቤንዚን እኮ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሲቆይ ሙጫ ይሆናል። ቀዳዳዎቹን ሁሉ ይደፍናቸዋል። ቫልቮቹ ይጣበቃሉ። አንድ ሰው እንኳ...»

አዴ ድርቤ ከጓዳ ሆነው «ባይሳ! አሁን ደግሞ ልትሄድ ነው?» አሉ።

«ማን ሄድኩ አለ?»

በሳምንቱ ማክሰኞ እኔ ማማዬ ላይ ሆኜ የዲጋው እህል መኪና ሲመጣ አየሁ። ከላዩ አንድ ሰው ወረደ፤ የመሣሪያ ከረጢት ይዟል። የመጋዘኑ ዘበኛ ዱቤ ግራና ቀኙን አይቶ ለኦቦ ባይሳ በሩን ከፈተላቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል ውስጥ ቆዩ። ሲወጡ ከካርቡሬተሩ የቀዱትን አንድ ጣሳ ጥቁር ቤንዚን ይዘዋል፤ ከመንገዱ ርቀው ቆፍረው ደፉት፤ እጃቸውን በአፈር አሽተው በዚያው መኪና ተመለሱ።